ቀዳዳ የበዛበት ዓለት ሁሉ ውሃ አይሰጥም

በከርሰ ምድር ውሃ ጥናት ሥራ ላይ በተደጋጋሚ እንደ አንድ የሚቆጠሩ፣ ነገር ግን ተለይተው መታየት ያለባቸው ሁለት የዓለት ባሕርያት አሉ። አንደኛው በዓለቱ ውስጥ ያለው ባዶ ቦታ ከጠቅላላ ይዘቱ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል እንደሆነ የሚገልጸው ቀዳዳማነት ሲሆን፣ ሁለተኛው ባዶ ቦታዎቹ እርስ በርስ ተገናኝተው ውሃ ለማስተላለፍ ያላቸው ብቃት፣ ማለትም አሳላፊነት ነው። ለጉድጓድ ቦታ የሚመርጥ ባለሙያ ይበልጥ የሚያሳስበው ሁለተኛው ነው።

ልዩነቱ የሚጀምረው ከዓለቱ አፈጣጠር ነው። ግራናይት በምድር ጥልቀት ውስጥ በከፍተኛ ግፊት ሥር እጅግ ቀስ ብሎ ስለሚቀዘቅዝ፣ የማዕድናቱ ክሪስታሎች አንዱ በሌላው ውስጥ እየገቡ ይቆላለፋሉ፤ በዚህም ምክንያት ያልተሰነጠቀና ያልተብላላ ግራናይት ቀዳዳማነቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 በመቶ አይበልጥም። በአንጻሩ ከእሳተ ገሞራ የሚወጣው ቅልጥ ዓለት ወደ ላይ ሲቃረብ ግፊቱ ስለሚቀንስ፣ በውስጡ ሟሙቶ የነበረው ጋዝ አረፋ እየሠራ ይወጣል፤ ቅልጡ አረፋው ተጠቃሎ ከመውጣቱ በፊት ከደረቀም ቀዳዳው እንደታተመ ይቀራል። በስምጥ ሸለቆ በብዛት የሚገኘው ፑሚስ ከግማሽ በላይ ባዶ ቢሆንም ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው፣ ብዙዎቹ ቀዳዳዎቹ በስስ የመስታወት ግድግዳ ተከልለው ውሃ ቶሎ ስለማያስገቡ ነው።

ነገሩ ይበልጥ የሚወሳሰበው በባዛልት ላይ ነው። ከቁፋሮ ማሽን በሚወጣው የባዛልት ስብርባሪ ላይ አንዳንድ ጊዜ ነጫጭ ነጠብጣብ ይታያል፤ በማጉያ መነጽር ሲመረመር ነጠብጣቡ ቀድሞ የጋዝ ቀዳዳ የነበረ፣ በኋላ ግን ውሃ አሟሙቶ ባመጣቸው ማዕድናት የተደፈነ ቦታ ሆኖ ይገኛል። ቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሲንጠባጠብበት ከተንተከተከ የደፈነው ካልሳይት ነው፤ ካልተንተከተከ ግን ዜኦላይት ወይም ኳርትዝ ሊሆን ይችላል። ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት በሰሜን ምዕራብ ደጋው ላይ የተነጠፈው ባዛልት በብዙ ቦታ እንዲህ የተደፈነ በመሆኑ ውሃ የሚገኘው በስንጥቆቹና በንጣፎቹ መገናኛ ላይ ነው። ለአዲስ አበባ ውሃ የሚያቀርበው የአቃቂ የጉድጓዶች መስክ ግን የተመሠረተው በዕድሜ ከዚያ እጅግ በሚያንስ፣ ቀዳዳዎቹ በአብዛኛው ክፍት በሆኑ ስኮሪያና በተሰነጣጠቀ ባዛልት ላይ ነው፤ ስለዚህ «ባዛልት ነው» ብሎ ብቻ የሚዘጋ የቁፋሮ መዝገብ ብዙም የሚረዳ አይደለም።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስተው ሸክላ ነው። ቀዳዳማነቱ ከ40 እስከ 60 በመቶ ሊደርስ ስለሚችል በዚህ ረገድ ከብዙ የአሸዋ ድንጋይ ይበልጣል፤ ይሁንና ቀዳዳዎቹ እጅግ ጥቃቅን በመሆናቸው ውሃው በቅንጣቶቹ ገጽ ላይ ተጣብቆ ይቀራል እንጂ ወደ ጉድጓድ አይወርድም። በባዛልት ንጣፎች መካከል የሚገኘው ቀይ ሸክላ፣ ማለትም በሁለት ፍንዳታዎች መካከል የተፈጠረ ጥንታዊ አፈር፣ ከላይ የሰረገውን ውሃ አግዶ ወደ ጎን ስለሚመራው፣ በገደላማ ተራሮች ወገብ ላይ ምንጮች በአንድ ከፍታ ተሰልፈው የሚታዩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የአሸዋ ድንጋይ ባሕርይ ደግሞ የአሸዋው ቅንጣቶች በመጠን በመመሳሰላቸውና በመካከላቸው ባለው አጣባቂ ማዕድን ብዛት ይወሰናል። የበሃ ድንጋይ ራሱ ጥቅጥቅ ያለ ሊሆን ቢችልም፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የያዘ ውሃ ስንጥቆቹን እያሟሟ ያሰፋቸዋል፤ በባሌ የወይብ ወንዝ የሚያልፍበት የሶፍ ዑመር ዋሻ የተፈጠረው በዚሁ መንገድ ነው።

በመሆኑም የዓለት ናሙና በላቦራቶሪ ተለክቶ የሚሰጠው የቀዳዳማነት አኃዝ ስለ ትልልቅ ስንጥቆች የሚናገረው እምብዛም ስለሆነ፣ ጉድጓዱ ከተቆፈረ በኋላ የፓምፕ ሙከራ ይደረጋል፤ ውሃው በተከታታይ ሲሳብ ምን ያህል ዝቅ እንዳለ፣ ፓምፑ ከቆመ በኋላም ወደ ቀድሞ ከፍታው ለመመለስ ስንት ሰዓት እንደወሰደበት ይመዘገባል።