ተጨማሪ መረጃ፦ በጪቱ ሐይቅ ላይ ሁለት የምትሆን ወፍ

በአብጃታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ አካባቢ፣ ከሻላ በስተደቡብ፣ ጪቱ የምትባል ትንሽ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ አለች። ፍላሚንጎዎች በዳርቻዋ ቆመው ሲመገቡ ነፋስ ከሌለ እያንዳንዷ ወፍ ሁለት ሆና ትታያለች፤ አንዷ ቀጥ ብላ፣ ሌላዋ ተዘቅዝቃ። ይህን በፎቶ ለማስቀረት ማልዶ መድረስ ያስፈልጋል። ረፋዱ ላይ መሬቱ ሲሞቅ ነፋሱ ይነሳል፤ ትንሽ ሞገድ እንኳ ምስሉን ይበጣጥሰዋል።

ከሁሉም በላይ ወሳኙ የካሜራው ከፍታ ነው። ቁልቁል የታየ ውሃ ካረፈበት ብርሃን የሚመልሰው 2 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። በርከክ ብላችሁ ካሜራውን ወደ ውሃው ስታስጠጉት ግን ወደ እናንተ የሚመጣው ብርሃን ውሃውን በጣም ተጋድሞ የነካው ስለሆነ አብዛኛው ይንጸባረቃል፤ ሮዝ ቀለሙም ይደምቃል። ከዳር ሆኖ በቀጥታ የማይታየው የወፏ የሆድ ሥር ሳይቀር ውሃው ውስጥ ይታያል።

ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት ፎከስ ላይ ነው። ምስሉ የውሃው ገጽ ላይ ያለ ይመስላል፤ በእርግጥ ግን ወፏ ከውሃው በላይ ባላት ከፍታ ልክ ከገጹ በታች ያለ ያህል ነው። ስለዚህ ፎከሱን ወፏ ላይ አድርጉ። ፖላራይዘር ማጣሪያ ከተገጠመም ንቀሉት፤ ነጸብራቅን ያደበዝዛልና።

የተረበሸች ፍላሚንጎ መብላቷን ትታ ትበራለች። ለፎቶ ብላችሁ አታስነሷት።