«ቶሎ ይውጣልኝ» ከማለታችሁ በፊት

ከባልና ሚስት አንዳቸው «የታይሮይድ ካንሰር ነው» ሲባሉ መጀመሪያ የሚመጣላቸው «ቶሎ ይውጣልኝ» ማለት ነው። ይህ የሰው ባሕርይ ነው። ካንሰር ሁሉ ግን አንድ ዓይነት አይደለም።

በጃፓን፣ ኮቤ ከተማ የሚገኘው ኩማ ሆስፒታል ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ «ፓፒላሪ» የተባለ የታይሮይድ ካንሰር ላለባቸው ሁለት ምርጫ ሰጠ፦ ቀዶ ሕክምና፣ ወይም በየጊዜው በአልትራሳውንድ እየታዩ መጠበቅ። በ2014 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት መጠበቅን ከመረጡት 1,235 ሰዎች በካንሰሩ የሞተ አልነበረም። በ10 ዓመት ውስጥ እባጩ በግልጽ ያደገባቸውም 8 በመቶ ገደማ ነበሩ።

ቀዶ ሕክምናም የራሱ ዋጋ አለው። የታይሮይድ ዕጢው በሙሉ ከወጣ፣ ሆርሞኑን የሚተካ ክኒን ዕድሜ ልክ ይወሰዳል። የድምፅ ነርቭ ከተጎዳ ድምፅ ይሻክራል። ካልሲየምን የሚቆጣጠሩት ትንንሽ ዕጢዎች ከተነኩ ደግሞ ጣት ይደነዝዛል። ለአንዳንዶች ግማሹን ማውጣት ይበቃል።

ይሁንና ካንሰሩ ወደ ንፍፊት ከተዛመተ ወይም ወደ ነርቭ ከተጠጋ፣ መጠበቅ አይገባም። ክትትሉን የሚያቋርጥ ሰውም «እየጠበቅሁ ነው» ሊል አይችልም።

ስለዚህ ሁለታችሁም አብራችሁ ሐኪም ፊት ቅረቡና ጠይቁ፦ መጠኑ ስንት ነው? ተዛምቷል? ግማሹ ይበቃል? ብንጠብቅስ ክትትሉ በየስንት ጊዜ ነው? ባል ሆይ፣ አንገቱ የሚስትህ ነውና ፍርሃትህን በእርሷ ላይ አትጫን፤ አድምጣት። ሚስትም ለባልዋ እንዲሁ ታድርግ። ጸልዩ፤ ጠይቁም።