የሳነቴን አቀበት የምትወጣ ላንድሮቨር
የድሮ ላንድሮቨር የሚገዛ ሰው በቀለም እንዳይሸወድ እለምናለሁ። እኔ ሮቤ ላይ የራሴን ስገዛ ከሥሯ ተኝቼ ሻንሲዋን በመዶሻ አንኳኳሁ። አካሏ አሉሚኒየም ነው፤ ሻንሲው ግን ብረት ነውና ዝገት ከውስጥ ሲበላው ድምፁ ይደፈናል።

እንግሊዞች በ1940 ዓ.ም. ለገበሬ ብለው ያወጧት መኪና ለባሌ ጭቃ ትስማማለች። የሚፈትናት ከፍታው ነው። ከጎባ ወደ ሳነቴ የሚወጣው መንገድ ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ አየሩ ይሳሳል፣ የቤንዚን ሞተሯ ኦክስጅን ያጥረዋል፣ ጥቁር ጭስ እየተፋች ትደክማለች። ስለዚህ ባለ 2.25 ሊትሩን አውርጄ ባለ ቱርቦ የናፍጣ ሞተር አስገባሁ፤ ቱርቦው የሳሳውን አየር አምቆ ለሞተሩ ያቀብላል። አዲሱ የሞተር ቁጥር ሊብሬው ላይ ሳይሰፍር ግን መንገድ አትውጡ።

አሁን ሳነቴ ላይ እስካለው የቱሉ ዲምቱ ተራራ ድረስ ሳታቃስት ትወጣለች፤ ቀይ ቀበሮ ስናይ ሞተሩን አጥፍተን እንቆማለን።