በሰው አገር ሰማይ የበረሩ ንስሮች

እ.ኤ.አ. በ1940 የጀርመን ቦምብ ጣዮች ለንደንን ሲደበድቡ አሜሪካ ገና ገለልተኛ ነበረች። ሕጓ ዜጎቿ በባዕድ ጦር ተመልምለው እንዲዘምቱ አይፈቅድም ነበር፤ ለሌላ ንጉሥ የማለ ደግሞ ዜግነቱን ሊያጣ ይችል ነበር። ወጣት አብራሪዎች ግን በካናዳ በኩል መሻገሩን ተያያዙት። እንግሊዞችም መላ ዘየዱላቸው፤ ለንጉሡ መማሉ ቀርቶ፣ የአለቃን ትእዛዝ እፈጽማለሁ ማለት በቂ ሆነ።

ቀድመው ከደረሱት መካከል ዩጂን ቶቢን፣ አንድሪው ማመዶፍና ቬርነን ኪዮ ነበሩ። ያሰቡት ለፈረንሳይ ሊዋጉ ነበር፤ ፈረንሳይ እጇን ስትሰጥ ወደ እንግሊዝ አመለጡ። ቀድሞ በጃንጥላ ዝላይ ትርኢት ይተዳደር የነበረው ኪዮ ቁመቱ 1 ሜትር ከ50 አይሞላም፤ ስፒትፋየር የተባለውን የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላን የሚያበረው ትራስ ደርቦ ነበር። ሦስቱም 1941 ሳያልቅ ሞቱ።

መስከረም 1940 ላይ አሜሪካውያኑ በእንግሊዝ አየር ኃይል ውስጥ የራሳቸው 71ኛ ስኳድሮን (የአውሮፕላን ጓድ) ተቋቋመላቸው፤ በኋላ 121ኛውና 133ኛው ተከተሉ። «የንስር ስኳድሮኖች» ተባሉ። ዝናቸው ግን ከሥራቸው ቀደመ። ጋዜጣው ሲያሞግሳቸው እነሱ ገና ልምምድ ላይ ነበሩ፤ 71ኛው የተረጋገጠ የመጀመሪያ ድሉን ያገኘው ሐምሌ 1941 ነው።

ምን አመጣቸው? ሂትለርን የጠሉ ነበሩ፤ ለእኔ ግን ብዙዎቹን የሳበው ስፒትፋየር ይመስለኛል። በዚያ ላይ የአሜሪካ ጦር ከአብራሪ ሁለት ዓመት የኮሌጅ ትምህርት ሲጠይቅ፣ እንግሊዞች ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰ ይበቃቸው ነበር።

መስከረም 26 ቀን 1942፣ 133ኛው ስኳድሮን በጀርመን በተያዘችው ፈረንሳይ ወዳለችው ሞርሌ የሚሄዱ ቦምብ ጣዮችን ሊያጅብ ወጣ። ከተነገራቸው እጅግ የበረታ ነፋስ ከደመና በላይ ወደ ደቡብ ገፋቸው። እንግሊዝ የደረሱ መስሏቸው ዝቅ ሲሉ የፈረንሳይዋ ብሬስት ከተማ ላይ ወረዱ፤ የጀርመን መድፍ ተቀበላቸው። ከ12 ስፒትፋየሮች እንግሊዝ ምድር የደረሰችው አንዷ ብቻ ናት፤ እሷም ተከስክሳ።

በሦስተኛው ቀን ሦስቱ ስኳድሮኖች እንግሊዝ ውስጥ ባለው የደብደን የአየር ሰፈር፣ በዚያን ጊዜ ጦርነቱን ለተቀላቀለችው አሜሪካ ተላለፉ። ደመወዛቸው ከእጥፍ በላይ አደገ፤ የእንግሊዝ ክንፍ ምልክታቸውንም በቀኝ ደረታቸው እንዲያደርጉ ተፈቀደላቸው። በቀጣዩ ዓመት ግን ስፒትፋየሩን ተቀብለው ክብደቱ እጥፍ የሆነውን የአሜሪካ ተዋጊ አውሮፕላን ፒ-47 ሰጧቸው፤ ብዙዎቹም አጉረመረሙ።