የቆዳ ፈንገስ ቅባት፦ ማሳከኩ ቢቆምም ሕክምናው አላለቀም

በቤር ሸቫ ሽኩና ዳሌት ከሚኖሩ ቤተሰቦቻችን ጋር በሥራችን ስንገናኝ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ልጆች ትምህርትና ስለ ልዩ ልዩ ወረቀቶች ከተነጋገርን በኋላ ብዙ ጊዜ በመጨረሻ የሚነሣ ጉዳይ አለ። እርሱም የቆዳ በሽታ ነው። «ቅባት ቀባነው፣ ተሻለው፣ አሁን ደግሞ ተመልሶ መጣ» የሚሉን ወላጆች ጥቂት አይደሉም። እኛ ማኅበራዊ ሠራተኞች እንጂ ሐኪሞች አይደለንም፤ በሽታውን ለይቶ መናገር የሐኪም ድርሻ ነው። ነገር ግን ቅባቱ እንዴት እንደሚሠራና ለምን አንዳንዴ እንደማይሠራ ማወቅ ለሁላችንም ስለሚጠቅም ይህን ጽሑፍ አዘጋጅተናል።

ፈንገስ ምንድን ነው?

በዕብራይስጥ ፒትሪያ ይሉታል። በጣም ረቂቅ፣ የሻጋታ ዘመድ የሆነ ነገር ሲሆን ሙቀትና እርጥበት ይወዳል። ስለዚህ በእግር ጣቶች መካከል፣ በብሽሽት፣ በብብትና በጡት ሥር ይበረታል። በኔጌቭ በጋ ቀኑን ሙሉ በዝግ ጫማ የሚሠራ ሰው ወይም የወታደር ቡትስ የሚያደርግ ልጅ ቢይዘው አያስገርምም።

በሀገር ቤት ጭርት፣ ቋቁቻ፣ ላሽ እያልን የምንጠራቸው በአብዛኛው ከፈንገስ የሚመጡ ናቸው። ጭርት ክብ ሆኖ ዳር ዳሩ ከፍ ይላል፣ ቅርፊትም አለው። በሥዕል ላይ ቀይ ሆኖ ቢታይም በእኛ ቆዳ ላይ ግን ጠቆር ያለ ወይም አመድማ ሊሆን ይችላል። ይህን ለሐኪሙ መንገር አይከፋም።

በሽታው የእርግማን ወይም የቆሻሻ ቤት ምልክት አይደለም። ከሰው ወደ ሰው በፎጣ፣ በማበጠሪያ፣ በኮፍያና በፀጉር መላጫ ይተላለፋል። እዚህ አገር ልጆች ከመንገድ ድመቶችም ይይዛቸዋል። ስለዚህ መደበቅ አያስፈልግም፤ የተደበቀ ጭርት ለወንድምና ለእኅት ይተርፋል።

ቅባቱ እንዴት ይቀባል?

ብዙ ጊዜ የሚሰጡት ክሎትሪማዞል ወይም ቴርቢናፊን ያለባቸው ቅባቶች ናቸው። በመጀመሪያ ቦታውን ታጥቦ በደንብ ማድረቅ፣ በተለይም የጣቶቹን መካከል ማድረቅ ያስፈልጋል። ቀጥሎ በስሱ መቀባት ነው፤ ማወፈር ፈውሱን አያፈጥነውም። ፈንገሱ ከሚታየው ዳር አልፎ ስለሚሄድ በዙሪያው ያለውን ጤነኛ ቆዳም እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ድረስ መቀባት ይገባል። ከዚያ በኋላ እጅን መታጠብ ነው።

ክሎትሪማዞል አብዛኛውን ጊዜ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ይቀባል፤ ሕክምናውም ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይፈጃል። የቴርቢናፊን ጊዜ ከዚህ ሊያጥር ይችላል። ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ማሳከኩ በጥቂት ቀን ውስጥ ሊቆም ይችላል፣ ፈንገሱ ግን በቆዳው ውስጥ ገና አለ። ያኔ ያቋረጠ ሰው ከወር በኋላ እንደገና ይጀምራል። ስለዚህ ቆዳው ደኅና ከመሰለ በኋላም ሐኪሙ ወይም የመድኃኒት ባለሙያው እስካለው ቀን ድረስ መቀባት ያስፈልጋል።

በሣጥኑ ውስጥ ያለው ወረቀት የሚጻፈው በዕብራይስጥ፣ በዐረብኛና በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ከቤት መርካሐት ሳትወጡ «በቀን ስንት ጊዜ? እስከ መቼ?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን በሣጥኑ ላይ በአማርኛ ጻፉበት። በሰንበት ቅባት ስለመቀባት የሚያሳስበው ሰው ቄሱን ወይም ረቢውን አስቀድሞ ይጠይቅ እንጂ በራሱ ሕክምናውን አያቋርጥ።

ቋቁቻን በሚመለከት አንድ ነገር እንጨምር። ፈንገሱ ከሞተ በኋላም ነጣ ያለው ምልክት ለወራት ሊቆይ ይችላል። ይህ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም፤ ለምጽም አይደለም። ቀለሙ ቀስ በቀስ ይመለሳል።

ቅባት ሁሉ አንድ አይደለም

ከጎረቤት የተረፈ ቅባት መዋዋስ አደጋ አለው። ለችፌ የሚታዘዙ ብዙ ቅባቶች እንደ ቤታሜታዞን ያለ ስቴሮይድ አለባቸው። ከውጭ በሻንጣ ከሚመጡት የፊት ማቅያ ቅባቶችም ስቴሮይድ ያለባቸው አሉ። ስቴሮይድ በጭርት ላይ ሲቀባ ማሳከኩን ቶሎ ያስታግሣል፤ ሰውም ተፈወስኩ ይላል። ነገር ግን ፈንገሱን አይገድልም። እንዲያውም የሰውነትን መከላከያ ስለሚያደክም ከሥር እየሰፋ ይሄዳል፤ መልኩም ስለሚለወጥ ሐኪሙን ያሳስታል። ብዙ ጊዜ ከተቀባ ደግሞ ቆዳን ያሳሳል። የቀባችሁት ነገር ካለ ቱቦውን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ። ነጭ ሽንኩርትና የቁልቋል ወተትም ቆዳን ያቃጥላሉና በተለይ በልጆች ላይ አይደረጉ። እከክ ደግሞ ከጥቃቅን ነፍሳት እንጂ ከፈንገስ አይመጣም፤ መድኃኒቱም ሌላ ነው።

ለራስና ለጥፍር ቅባት ብቻ አይበቃም

ላሽ የያዘው ልጅ ፀጉሩ ይሰባበራል፣ ራሱም ይላጣል። ፈንገሱ በፀጉሩ ሥር ስለሚገባ ቅባቱ አይደርስበትም። ሐኪም የሚያዝዘው፣ በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት ለሳምንታት ያስፈልገዋል። የጥፍር ፈንገስም እንዲሁ ብዙ ጊዜ ወራት የሚወስድ ሕክምና ይፈልጋል።

አንዳንድ ሰዎች ከጎረቤቶቻቸው «ጋዜዜት» የሚለውን ቃል ሰምተው ይፈራሉ። ፍርሃቱ ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. ከ1948 እስከ 1960 ባሉት ዓመታት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች፣ በተለይም ከሰሜን አፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ የመጡ፣ ለራስ ጭርት በራጅ ጨረር ታከሙ። በ1974 ፕሮፌሰር ባሩኽ ሞዳንና ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ጥናት በእነዚያ ልጆች ላይ የራስና የአንገት ዕጢ እንደበዛ ታወቀ። በ1994 ለተጎጂዎች የካሣ ሕግ ወጣ። የጨረሩን ሕክምና ያስቀረው በ1950ዎቹ መጨረሻ የመጣው ግሪሶፉልቪን የተባለው የሚዋጥ መድኃኒት ነው። ዛሬ ለዚህ በሽታ ጨረር የሚሰጥ የለም። ስለዚህ ልጁን ከሐኪም መደበቅ አያስፈልግም።

ሐኪም ዘንድ መቼ?

በ2 ሳምንት ለውጥ ካልታየ፣ ቦታው ካበጠ፣ ከሞቀ ወይም መግል ከያዘ፣ በሽታው በራስ ወይም በጥፍር ላይ ከሆነ፣ ሕመምተኛው ሕፃን ወይም ነፍሰ ጡር ከሆነ ሐኪም ማየት አለበት። ከሁሉ በላይ ስኳር ያለባቸው አባቶችና እናቶች ቸል አይበሉ። በጣቶች መካከል የተሰነጠቀ ቆዳ ለባክቴሪያ በር ይከፍታል፤ ስኳር ባለበት እግር ላይ ትንሽ ቁስል ወደ ከባድ አደጋ ሊያደርስ ይችላል። እግራቸውን በየቀኑ ማየት የልጆችም የልጅ ልጆችም ሥራ ይሁን።

በ1996 የወጣው የታካሚ መብት ሕግ ሐኪሙ ሕክምናውን በሚገባችሁ መንገድ እንዲያስረዳችሁ ያዝዛል። ቋንቋው ካስቸገራችሁ ቀጠሮ ስትይዙ ኩፓት ሖሊማችሁን የአማርኛ አስተርጓሚ፣ በስልክም ቢሆን፣ ጠይቁ። የአሥር ዓመት ልጅ የአያቱን ገላ በሽታ እንዲያስተረጉም ማድረግ ለሁለቱም ይከብዳል።

ፎጣ ለየብቻ፣ ካልሲ በየቀኑ፣ ቅባቱም እስከተባለው ቀን ይሁን።