ድሬዳዋ ያልደረሰችበት ሙግት

ድሬዳዋ ለነገረ መለኮት ክርክር ዘግይታ የተወለደች ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ እዚህ የደረሰው በ1902 ማብቂያ ላይ ነው። (ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር የምጽፈው ከውጭው ዓለም ጋር ለማስተያየት እንዲመች ነው።) የኢትዮጵያ ሊቃውንት ስለ መለኮት ባሕርይ፣ ስለ ክርስቶስ ልደትና ስለ ቅብዐት ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የተሟገቱበት ጉዳይ ግን በ1878 ቦሩ ሜዳ ላይ ተዘግቶ ነበር። ሐረር በምኒልክ እጅ የገባችው ከዚያ ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ፣ ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ነው። ስለዚህ ወደዚህ ቆላ የወረደችው ቤተ ክርስቲያን ሙግቷን ጨርሳ፣ ፍርዷን ይዛ የመጣች ናት። ዛሬ ከዚራ ወይም ሳቢያን ሰንበት ትምህርት ቤት ገብቶ አምስቱን አዕማደ ምሥጢር የሚማር ልጅ የሚሰጠው ያለቀለት መልስ ነው። ጥያቄውን በብራና ላይ ያሰፈሩት የ18ኛው መቶ ዓመት የጎንደርና የጎጃም ሰዎች ናቸው። ይህ ጽሑፍ ከእነሱና ከጽሑፎቻቸው ጋር ያስተዋውቃል።

ነገሩን የቆሰቆሱት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ናቸው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ኢየሱሳውያን ዐፄ ሱስንዮስን አሳምነው በ1622 ንጉሡ የሮምን እምነት ተቀበሉ። አገር በደም ከታመሰ በኋላ በ1632 የአባቶችን ሃይማኖት መለሱ፤ ልጃቸው ፋሲለደስም ሚሲዮናውያኑን አስወጡ። ሰዎቹ ሄዱ፣ ጥያቄያቸው ግን ቀረ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10 ላይ ጴጥሮስ በቆርኔሌዎስ ቤት ሲሰብክ እግዚአብሔር ኢየሱስን በመንፈስ ቅዱስ እንደ ቀባው ይናገራል። ወልድ ፍጹም አምላክ ከሆነ መቀባት ምን ያደርግለታል? የተቀባው በሥጋው ነው ከተባለስ፣ ሥጋ ከቃል ጋር ተዋሕዶ ሳለ መንፈስ ቅዱስ ምን ጨመረለት? አንዲት ቁጥር ናት፤ ግን ጎንደርን መቶ ዓመት እንቅልፍ ነሥታለች።

ስለ ሥላሴ ግን ጠብ አልነበረም። ሁሉም ወገን እግዚአብሔር በስም፣ በአካልና በግብር ሦስት፣ በባሕርይ፣ በህልውናና በመለኮት አንድ መሆኑን ያምናል። አብ ልብ፣ ወልድ ቃል፣ መንፈስ ቅዱስ እስትንፋስ ነው፤ ሦስቱም በአብ ልብነት ያስባሉ፣ በወልድ ቃልነት ይናገራሉ፣ በመንፈስ ቅዱስ እስትንፋስነት ሕያዋን ናቸው ይላል ትምህርቱ። የሚታወቀው ምሳሌ ደግሞ ፀሐይ ነው፤ ክበቡ፣ ብርሃኑና ሙቀቱ ሦስት ሆነው ፀሐይዋ አንዲት ናት። በድሬዳዋ የግንቦት እኩለ ቀን ይህን ምሳሌ የሚያስረዳ መምህር ስለ ሙቀቱ ብዙ መድከም የለበትም። ሠዓሊዎቹም ያንኑ በቀለም ተናገሩት። በጎንደር ዘመን ሥዕል ሥላሴ ሦስት ሽበታም ሽማግሌዎች ናቸው፤ ፊታቸው አንድ፣ ጢማቸው አንድ፣ ልብሳቸው አንድ፣ በዙሪያቸው አራቱ እንስሳ። አንዱን ከሌላው ልለይ ብሎ የሚያፈጥ ተመልካች ምንም አያገኝም፤ ሥዕሉም የተሠራው ለዚሁ ነው።

ልዩነቱ የመጣው ከሦስቱ አንዱ ሰው ሲሆን ነው። ተዋሕዶ የሚባለውና ተቃዋሚዎቹ «ካራ» ያሉት ወገን፣ ቃል በማኅፀን ሥጋን በተዋሐደበት ቅጽበት በተዋሕዶው ብቻ ሥጋ የባሕርይ አምላክ ሆነ፤ መቀባት የተባለውም ይኸው መዋሐድ ነው አለ። በጎጃም ገዳማት የጠነከሩት ቅባቶች ደግሞ በተዋሕዶው ላይ የመንፈስ ቅዱስን ቅብዐት ግድ አሉ፤ ሥጋ የባሕርይ ልጅ የሆነው በቅብዐት ነው። ሁለቱም ወገን ልደቱን ሁለት ይለዋል፤ አንዱ ቅድመ ዓለም ከአብ፣ ሌላው ድኅረ ዓለም ከድንግል። በ18ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ እየጎላ የመጣው ሦስተኛው ወገን ሥጋ በመንፈስ ቅዱስ የጸጋ ልጅ ሆኗል ብሎ ሦስተኛ ልደት ጨመረ። ለዚህ ነው «ጸጎች» ወይም «ሦስት ልደት» የተባሉት።

ዛሬ ይህን የሚያነብ ሰው «ለዚህች ልዩነት?» ብሎ ሊገረም ይችላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ጥያቄው እግዚአብሔር ሰው ሲሆን ምን ያህል ሰው ሆነ የሚል ነው፤ ከዚህ የሚበልጥ ጥያቄ ለክርስቲያን የለውም። የሚያሳዝነው መልሱ በጉባኤ ብቻ ሳይሆን በቤተ መንግሥት መቆረጡ ነው። ከግብፅ የሚመጣው ጳጳስ የአገሩን ቋንቋ አያውቅም፤ በአስተርጓሚ ሰምቶ ይፈርዳል፤ ያልጣመው ንጉሥ ደግሞ ሌላ ጉባኤ ይጠራል። ንጉሥ ሲለወጥ ሃይማኖቱም አብሮ ያዘነብል ነበር። ከ1716 እስከ 1721 የነገሡት ዐፄ ዳዊት ሦስተኛ ለቅባቶች ሲፈርዱ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት አንቀበልም አሉ፤ ንጉሡ ወታደር ሰደዱባቸውና ጎንደር ውስጥ ብዙ መነኮሳት ተገደሉ። ስለ ፍቅረ እግዚአብሔር የሚጻፍበት ቀለም ሳይደርቅ ማለት ነው።

አሁን ወደ ጽሑፎቹ እንግባ። የሁሉም መዝገብ «ሃይማኖተ አበው» ነው፤ በ11ኛው መቶ ዓመት በዓረብኛ የተሰባሰበ፣ በኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰ፣ የጥንት አባቶች ስለ ሥላሴና ስለ ሥጋዌ የተናገሩትን የያዘ መጽሐፍ። ከእርሱ ጎን የእስክንድርያው ቄርሎስ ይቀመጣል። ተከራካሪዎቹ ሁሉ ከእነዚሁ መጻሕፍት ነበር የሚጠቅሱት፤ ስለዚህ ሙግቱ የማስረጃ እጥረት ሳይሆን የአነባበብ ሙግት ነበር። በዚህ ላይ እያንዳንዱ ወገን የራሱን ድርሳን ጻፈ። የቅባቶቹ «ሃይማኖት መሲሓዊት» የሚታወቀው ነው፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ አዘጋጅተውት በ1990 በሉቨን ታትሟል። የተሸናፊ ወገን መጽሐፍ በራሱ አንደበት ሲናገር መስማት ብርቅ ነው፤ ስለ ቅባቶች የምናውቀው አብዛኛው ከሳሾቻቸው የጻፉት ነበርና።

የዘመኑን ብራና ገልጦ ለሚያይ ሰው መልኩ ይማርካል። ገጹ በሁለት ዓምድ ተከፍሏል፤ ጽሑፉ ጥቁር ነው፤ የእግዚአብሔር፣ የማርያምና የቅዱሳን ስም በቀይ ይወጣል። ከግእዙ ጎን ወይም በመሐሉ አማርኛ ብቅ ይላል። ሃይማኖትን በአማርኛ መጻፍ ከድሮ ጀምሮ የነበረ ልማድ አይደለም። ኢየሱሳውያን ሕዝቡን በአማርኛ ማስተማር ሲጀምሩ የኦርቶዶክሱም ወገን በዚያው ቋንቋ መመለስ ግድ ሆነበት። በዕለት ተዕለቱ የቤት አማርኛ ውስጥ «ባሕርይ»፣ «አካል»፣ «ህልውና» የሚሉት ክብደት ያላቸው ቃላት ገብተው ተላመዱ። የአማርኛ ዝርው ጽሑፍ ታሪክ ሲወራ ብዙ ጊዜ ከ19ኛው መቶ ዓመት ዜና መዋዕልና ከአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልብ ወለድ ይጀመራል (አፈወርቅ በኋላ ድሬዳዋ የጉምሩክ ሹም ነበሩ)። በእኔ አስተያየት አማርኛ መሟገትን የተማረው ከዚያ ቀድሞ፣ ስለ ክርስቶስ ልደት ሲከራከር ነው።

ከሁሉ የሚልቀው ፍሬ አንድምታ ነው። የመጻሕፍት ትርጓሜ በጎንደር ጉባኤ ቤቶች በቃል እየተላለፈ ዛሬ የምናውቀውን መልክ የያዘው በዚህ ዘመን ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። መምህሩ አንዲት የግእዝ ሐረግ ያነባል፤ ቀጥሎ በአማርኛ ይፈታታል፤ ከዚያ «አንድም» ብሎ ሁለተኛ ትርጉም ያመጣል፤ እንደገና «አንድም» ብሎ ሦስተኛ። «ሐተታ» ሲል ደግሞ ነገሩን ያሰፋዋል፣ ተቃዋሚው የሚያነሣውን ጥያቄ ራሱ አንሥቶ ራሱ ይመልሳል። ደቀ መዝሙሩ ይህን ሁሉ በቃሉ ይይዛል። መምህር ኤስድሮስ የሚባሉት የጎንደር ሊቅ የቀድሞውን ትርጓሜ አርመውና አሳጥረው «ታች ቤት» የሚባለውን ስልት እንደ መሠረቱ ይተረካል፤ የቀድሞው «ላይ ቤት» ተባለ። ዛሬ ታትሞ የሚገኘው አብዛኛው አንድምታ የታች ቤት ነው።

ለእኔ በአንድምታ ውስጥ የሚያስገርመው ልበ ሰፊነቱ ነው። ደጅ ላይ ሰው ስለ አንዲት ቃል በሚገደልበት ዘመን፣ ጉባኤ ቤት ውስጥ አንድ ቃል ሦስትና አራት ትርጉም ተሰጥቶት ሁሉም ጎን ለጎን ይቀመጣል። እርግጥ ነው፣ ልበ ሰፊነቱ ድንበር አለው፤ ምሥጢረ ሥጋዌ ላይ ሲደርስ መምህሩ «አንድም» ማለቱን ትቶ መናፍቁን በስም ጠርቶ ይመታል።

በዚያው ዘመን አውሮፓም ስለ እግዚአብሔር ባሕርይ ትጽፍ ነበር። ዐፄ ቴዎፍሎስ ጎንደር ላይ ሲነግሡ ጀርመናዊው ላይብኒትስ በ1710 ክፋት ባለበት ዓለም የእግዚአብሔርን ቸርነት የሚሟገትበትን መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1712 እንግሊዛዊው ሳሙኤል ክላርክ ስለ ሥላሴ ጽፎ የራሱን ቤተ ክርስቲያን አስቆጣ። ልዩነቱ ይሄ ነው፤ ላይብኒትስ ከአመክንዮ ተነሥቶ ወደ መጽሐፍ ሲሄድ የእኛዎቹ ከመጽሐፍ ተነሥተው ወደ አመክንዮ ይመጣሉ። ሁለቱ ወገኖች አልተነባበቡም። በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ብራናዎችን ይዞ ተመልሷል፤ ክርክሩን ግን እንደ ከንቱ ጭቅጭቅ ነው ያየው።

የመጨረሻው ፍርድ የተሰጠው ወሎ ውስጥ ነው። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1878 ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ሰበሰቡ፤ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ነበሩ። ሁለት ልደት ጸና፣ ሦስት ልደት ተወገዘ፣ አንመለስም ያሉት ተቀጡ። በዚያው ጉባኤ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ፤ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ተጎራብተው በሚኖሩባት ድሬዳዋ ሆኖ ስለ ቦሩ ሜዳ የሚጽፍ ሰው ይህን ሊዘለው አይገባም።

አሁን ወደ መነሻችን ስንመለስ አንድ ነገር ይገለጣል። ሸዋ የሦስት ልደት አገር ነበረች። በ1887 ወደ ሐረር የዘመቱትና ተከትለዋቸው የመጡት ካህናት ብዙዎቹ ከሸዋ ናቸው። ዘጠኝ ዓመት ደግሞ ሰው ያደገበትን ትምህርት የሚረሳበት ጊዜ አይደለም። ስለዚህ በዚህ አካባቢ የመጀመሪያዎቹን ታቦታት ካስገቡት መካከል በልጅነታቸው ሦስት ልደት የተማሩ አዛውንት እንደነበሩ መገመት ስሕተት አይሆንም። ቁልቢ ገብርኤልን ያሠሩት ራስ መኮንን ራሳቸው የሸዋ ልጅ ነበሩ፤ ጉባኤው ሲደረግ የሃያ ስድስት ዓመት ጎልማሳ ነበሩ።

ድሬዳዋ ለዚህ ታሪክ ያደረገችው አስተዋጽኦ በሌላ በር የመጣ ነው። የካፑቺን መነኮሳት ቅዱስ አልዓዛር ማተሚያ ቤት እዚህ ነበር፤ የላዛሪስቱ የአባ ቤትማን የአማርኛ ፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት በ1929 የታተመው በድሬዳዋ ነው። ሱስንዮስን ያሳመኑት ካቶሊኮች ከተባረሩ ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላ ሲል፣ ሌሎች ካቶሊኮች በዚህች የባቡር ከተማ አማርኛን በፊደል መልቀሚያ ያትሙ ነበር። ንጉሥ አልተጣላም፣ ጉባኤ አልተጠራም።

ብራናዎቹ ዛሬ ተበትነዋል። ከመቅደላ በ1868 የተዘረፉት በአብዛኛው ለንደን ናቸው፤ ከ1973 ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡት ቅጂዎች አሜሪካ ሚኒሶታ ይገኛሉ፤ ብዙው ግን አሁንም በየገዳሙ ዕቃ ቤት ነው። ቅባቶችም አልጠፉም፤ በምሥራቅ ጎጃም ዛሬም አሉ፤ ክርክሩም አንዳንዴ ያገረሻል።

ለማንበብ ለሚፈልግ የድሬዳዋ ሰው ምክሬ ይህ ነው፤ በሃይማኖተ አበው አትጀምሩ፤ ያደክማል። የዮሐንስ ወንጌልን አንድምታ ፈልጋችሁ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ብቻ፣ ግእዝ ከሚያውቅ ሰው ጋር ተቀምጣችሁ አንብቡ። ታትሞ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ይሸጣል።