ዳኛ ወላጅ፣ ሽማግሌ ወላጅ

ሁለት ልጆች በአንድ መጫወቻ ሲጓተቱ ብዙ ወላጅ «አንተ ትልቅ ነህ፣ ተውላት» ብሎ ይፈርዳል። ጩኸቱ ይበርዳል። ፍርዱም ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ታላቁ መሸነፍን፣ ታናሿም ማልቀስ እንደሚያዋጣ ይማራሉ እንጂ መነጋገርን አይማሩም። ስለ አስተዳደግ ስንከራከር ብዙ ጊዜ የምናነሳው ቁጣንና ልስላሴን ነው። ለእህትማማችና ለወንድማማች ፍቅር ግን ሌላ ጥያቄ ቢያንስ እኩል ይመዝናል፦ ጠብ ሲነሳ መፍትሔውን የሚያመጣው ማን ነው?

ስሚዝና ሮስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2007 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከ5 እስከ 10 ዓመት የሆኑ ልጆች ያሏቸውን 48 ቤተሰቦች በዕጣ ለሁለት ከፍለው ነበር። የአንደኛው ቡድን ወላጆች ሽምግልና ሠለጠኑ፦ ደንብ ማስያዝ፣ የተጣሉበትንና የሚስማሙበትን መለየት፣ ሁለቱም የተሰማቸውን እንዲናገሩ ማድረግ፣ መፍትሔውን ግን ለልጆቹ መተው። የእነዚህ ወላጆች ልጆች ከሌሎቹ በተሻለ ተደራደሩ፤ እናታቸው አጠገባቸው ባልነበረችበት ጊዜም እንኳ። የወንድማቸውን ወይም የእህታቸውን ሐሳብም በተሻለ ተረዱ። ኮዋልና ክሬመር በ1997 ያወጡት ጥናት ደግሞ ልጆች ወላጅ አንዱን ከሌላው ለይቶ ስለያዘ ብቻ እንደማይቀየሙ ያሳያል። ምክንያቱ ከገባቸው፣ ለምሳሌ በዕድሜ ልዩነት ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ፍትሐዊ ነው ይላሉ፤ ዝምድናቸው የሚሻክረው አድልዎ ነው ብለው ሲያምኑ ነው።

ጁዲት ሪች ሃሪስ በ1998 ባሳተመችው መጽሐፍ የልጅን ጠባይ ከወላጅ ይልቅ ዘር ውርስና እኩዮች ይወስኑታል ብላ ተከራክራለች። ክርክሯ ቀላል አይደለም፤ ገራም ልጅ ወላጁንም ገራም ሊያደርግ ይችላልና። ሆኖም በስሚዝና ሮስ ጥናት እንደተደረገው ቤተሰቦቹ በዕጣ ሲመደቡ ይህ ጥርጣሬ ይሳሳል፤ በሁለቱ ቡድኖች መካከል ለታየው ልዩነት ሥልጠናው ዋናው ማብራሪያ ይሆናል። ልጆች ቤት የተማሩት ከጓደኛ ጋር ላይሠራ ይችላል፣ ጓደኛ ወንድም አይደለምና የሚለው ክርክርም እውነትነት አለው፤ የተከፋ ጓደኛ ጥሎ ይሄዳል፣ ወንድም ግን ማታ እዚያው ቤት ያድራል። ቢሆንም ክሬመርና ጎትማን በ1992 እንዳሳዩት፣ ታናሽ ከመወለዱ በፊት ከጓደኛቸው ጋር በደንብ ይጫወቱ የነበሩ ልጆች በኋላ ከታናሻቸውም ጋር የተሻለ ግንኙነት ነበራቸው። ይህም የመግባባት ችሎታ ከጓደኛ ወደ ወንድም እንደሚሻገር ይጠቁማል፤ በተቃራኒው አቅጣጫም ይጓዛል ብሎ ማሰብ አሳማኝ ነው። ዱላ ከተነሳ ወላጅ መገላገሉ ግዴታው ነው። ተራው ንትርክ ግን ልጆች ለውጭው ዓለም የሚለማመዱበት ነውና ፈርዶ መዝጋቱ ትምህርቱን ማስቀረት ነው።